ሳይነከር ስለሚታይ ቀለም
በእንጦጦ ግርጌ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም፥ መነሻው ከዚህ ከተቀመጥንበት ስፍራ የሚታይ ነው። በእንጦጦ ተራራና በየካ ሸንተረር ላይ፥ ባሕር ዛፍ ሳያጠፋቸው የጥንቱ ጽድና ኮሶ በቀሩበት ጥግ ሁሉ፥ ከዚህ በታችም በየግቢው አጥር ላይ አበባ ባለበት፥ ምንቃርዋ እንደ መርፌ የቀጠነ እንደ ማጭድም የጐበጠ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ከአበባ ወደ አበባ እየዞረች ማር ትመጣለች። ሁላችሁም አይታችኋት ይሆናል፤ ስምዋን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሊቃውንት የሰጧት ስም ከአገራችን ወንዝ የወጣ ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስለ አገራችን አዕዋፍ በታተመ ዝርዝር በተከዜ ስም ተጠርታለችና። ከእንግዲህ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ይህችን ወፍ ያነሣሁበት ምክንያት አንድ በደል ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፥ ገና ማስተማር በጀመርሁበት ጊዜ፥ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቼ ያዩትን ወፍ መልክ በደብተራቸው እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ያን ጊዜ የዚህች ወፍ ወንዱ ከአጥሩ አበባ ላይ ነበረ። አንዱ ልጅ «ወፉ ጥቁር ነው» ብሎ ጻፈ። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመው ደግሞ «ወፉ ሐምራዊ ነው፤ ራሱም እንደ መዳብ ያበራል» ብሎ ጻፈ። እኔም ወፉን ከሁለተኛው ልጅ አጠገብ ሆኜ አይቼው ነበርና፥ ሁለተኛውን አመስግኜ፥ የመጀመሪያውን «ሳታይ የምትጽፍ» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። ልጁም «አይቻለሁ፥ ጥቁር ነው» ቢለኝ፥ ደግሞ ስለ መለሰልኝ በበረንዳው ላይ እንዲንበረከክ አደረግሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ሌሎቹ ምን እንደ ጻፉ ሳያይ አንድም ቃል አልጻፈም።

ልጁ እውነቱን ነበር የጻፈው። ሁለቱም እውነቱን ነበር የጻፉት። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ፤ የተሳሳትሁበትም ምክንያት ቀለም ሁሉ እንደ ጨርቅ ማቅለሚያ በነገሩ ውስጥ የተነከረ ነው ብዬ ስለማስብ ነበር።

ቀለም ግን በሁለት መንገድ ይገኛል። የመጀመሪያው ሁላችን የምናውቀው ነው፤ ለዛሬው ንግግር የንክር ቀለም ብለን እንጥራው። በርበሬ ቀይ፥ እርድም ቢጫ የሚሆነው በውስጡ ባለ ቅመም ነው። ያ ቅመም ከፀሐይ ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፥ ከፊሉን ይመልሳል፤ ዓይናችንም የተመለሰውን ያያል። በርበሬን ብትወቅጡት፥ ብታልሙት፥ በውሃም ብታሹት ቀይነቱ አይለቀውም፤ ቅመሙ አብሮት ነውና።

ሁለተኛው ግን እንዲህ አይደለም። ከጓሯችሁ አውራ ዶሮ ጅራት ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ አንድ ላባ አንሡ። በፀሐይ ላይ ስታዘነብሉት አረንጓዴው ይበራል፤ ስታዞሩት ይጠፋል። ቀጥሎም ላባውን ከዓይናችሁና ከፀሐዩ መካከል አድርጋችሁ ብርሃኑ ሲያልፍበት እዩት፤ አረንጓዴ የለም፥ የጠቈረ ቡናማ ብቻ ነው። ከዚያም በመቀስ አድቅቃችሁ በሁለት ድንጋይ መካከል ብትፈጩት የሚቀራችሁ እንደ ጥላሸት ያለ ትቢያ ነው። አረንጓዴው ወዴት ሄደ? ቅመም ቢሆን ኖሮ በትቢያው ውስጥ ይገኝ ነበር። እርሱ ግን ቅመም አልነበረም፤ የላባው ጥቃቅን ክፍሎች በሥርዐት ተደርድረው ስለ ነበር የታየ ነው፤ ድርድሩ ሲፈርስ ቀለሙም አብሮ ፈረሰ። ይህን የድርድር ቀለም እንበለው።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ እኔም አላመንሁም ነበርና ብትጠራጠሩ አልፈርድባችሁም። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ የጣዎስን ላባ በአጕሊ መነጽር መርምሮ፥ ላባው በውሃ ሲርስ ቀለሙ እንደሚጠፋ ጽፏል። ውሃ የማያጥበውን ቀለም በውሃ መጥፋቱ አስገርሞት፥ ቀለሙ ከላባው ንጣፎች አሠራር የሚመጣ እንጂ ማቅለሚያ እንዳይደለ ተናገረ። የአገሩ ሰው አይዛክ ኒውተንም በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፍ ይህንኑ አስፍቶ፥ የጣዎስን ላባ ከሳሙና አረፋ ጋር አስተካከለው። ሁለቱም የጣዎስን ላባ የመረመሩበት መነጽር ድርድሩን ራሱን ለማየት አይበቃም ነበር፤ ድርድሩን ለማየት ሰዎች የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪሠራ ድረስ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ድርድር እንዴት ቀለም ይሆናል? ይህን ለልጆች ሳስረዳ ከኩሬ ዳር እጀምራለሁ። በረጋ ውሃ ላይ ሁለት ጠጠር ጐን ለጐን ብትጥሉ፥ ከሁለቱ የሚነሡት ሞገዶች ይገናኛሉ። የአንዱ ሞገድ ራስ ከሌላው ራስ ጋር በገጠመበት ውሃው ከፍ ይላል፤ የአንዱ ራስ ከሌላው ጕድባ ጋር በገጠመበት ግን ውሃው ምንም እንዳልነካው ጠፍጣፋ ይሆናል። ከብት ጠብቆ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፥ ምንም እንኳ ስም ባያወጣለት።

ብርሃንም በሞገድ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሞገዱ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። የራስ ጠጕር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ያህል ነው። የብርሃን ሞገድ ከራስ እስከ ራስ ያለው ርቀት ግን ለሐምራዊው 400 ናኖሜትር፥ ለቀዩ 700 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፥ ሰማያዊው፥ አረንጓዴውና ቢጫው በእነዚህ መካከል ናቸው። ነጭ የምንለው የፀሐይ ብርሃን የእነዚህ ሁሉ ድብልቅ ነው።

እንግዲህ የሳሙናን አረፋ አስቡ። የአረፋው ግድግዳ እጅግ ስስ ነው። ብርሃን ሲመታው ከፊሉ ከውጭው ፊት፥ ከፊሉም ወደ ውስጥ ገብቶ ከውስጠኛው ፊት ይመለሳል። ሁለተኛው ጥቂት መንገድ ስለ ጨመረ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። የቀረበት ርቀት ለአረንጓዴው ሞገድ ራስና ራስ የሚያጋጥም ከሆነ አረንጓዴው ይበረታል፤ በዚያው ርቀት ግን ቀዩ ራስና ጕድባ ገጥሞ ይጠፋል። ስለዚህ ውሃና ሳሙና ብቻ ከሆነው ነገር ላይ አረንጓዴ ይታየናል። ግድግዳው ሲሳሳ ወይም እኛ ቦታ ስንለውጥ መንገዱ ይለወጣል፥ ቀለሙም ይለወጣል። ከዝናብ በኋላ በመገናኛ መንገድ ላይ ከመኪና የፈሰሰ ዘይት በውሃ ላይ ተንጣሎ የሚያሳየው ኅብረ ቀለምም ይኸው ነው።

የወፉም ላባ እንዲሁ ነው። በላባው ቅርንጫፎች ላይ ባሉት ደቃቅ ቅርንጫፎች ውስጥ ሜላኒን የሚባል ጥቁር ነገር አለ፤ ጠጕራችንንና ቈዳችንንም የሚያጠቍር እርሱ ነው። በሌላ ቦታ እንዲሁ ተበትኖ የሚገኘው ይህ ጥቁር ነገር በአበባ መጣጯ ወፍ ላባ ውስጥ በደቃቅ ቅንጣት ሆኖ፥ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ እንደ ጡብ ተደርድሮ ይገኛል። በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት የትኛው ቀለም እንዲበረታ ይወስናል። በአዲስ አበባ ግቢዎች የምናያት ዓይንዋ ቢጫ፥ ገላዋ ብረታ ብረት የመሰለ ሰማያዊና አረንጓዴ ወፍም ከዚህ ወገን ናት፤ በእርስዋ ወገን አንዳንዶቹ ቅንጣቶች በውስጣቸው አየር የያዙ፥ እንደ ሸምበቆ ክፍት ናቸው፤ በዚህም ቀለማቸው ይልቅ ይደምቃል።

አሁን የእነዚያ የሁለት ልጆች ነገር ግልጥ ሆነ። ሐምራዊ ያለው ልጅ ከላባው የተመለሱት ሞገዶች በሚገጥሙበት በኩል ቆሞ ነበር። ጥቁር ያለው ልጅ ደግሞ ሞገዶቹ በማይደርሱበት በኩል ቆሞ፥ ሜላኒኑን ራሱን አየ። ሁለት እርምጃ ቢቀያየሩ ኖሮ ደብተራቸውም ይቀያየር ነበር። መምህሩ ግን ከአንዱ ጋር ቆሞ ነበርና ሁለተኛውን ቀጣ።

የወፍ ቀለም ሁሉ ከድርድር ነው እንዳትሉ አንድ ነገር ልጨምር። በእንጦጦ ጽድ ውስጥ ጕንጭዋ ነጭ፥ ገላዋ አረንጓዴ የሆነች፥ ስትበርር ክንፍዋ እንደ ደም የሚቀላ ትልቅ ወፍ አለች። የእርስዋ ቀይ የንክር ቀለም ነው፤ ያውም ከሌላ አዕዋፍ ቀይ የተለየ። የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ዐዋቂ አርተር ቸርች በ1869 የዚህን ወገን ቀይ መርምሮ በውስጡ መዳብ አገኘበት። አረንጓዴውም ቢሆን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቅመም ነው፤ ይህም በአዕዋፍ ዘንድ ብርቅ ነው።

በዚያው ጫካ ደግሞ ክንፍዋ ከሥሩ ጥቁር የሆነ፥ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነ ትንሽ በቀቀን አለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር አትገኝም። የእርስዋ አረንጓዴ ከሁለቱ የተጋባ ነው፤ ላባዋ በድርድር ሰማያዊ ይመልሳል፥ በላዩም ቢጫ ቅመም አለ፤ ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ አረንጓዴ ይሆናል። ማስረጃውም የዚህች ወፍ ዘመዶች የሆኑትን በቀቀኖች በቤት የሚያረቡ ሰዎች ቢጫው ቅመም የጐደለበት ጫጩት ሲወለድላቸው ሰማያዊ ሆኖ ማግኘታቸው ነው። ሰማያዊ ቅመም አልተጨመረበትም፤ ቢጫው ብቻ ተነሣ። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ በንክር አረንጓዴ የሆነች፥ በድርድርና በንክር አረንጓዴ የሆነች፥ በድርድር ብቻ የምታንጸባርቅ፥ ሦስት ወፎች አሉን። ለዚህ ትምህርት ከእንጦጦ የተሻለ መማሪያ ቤት አላውቅም።

ይህን የወፍ ጥበብ ሰው ሊሠራው ይችላልን? ይህ ዛሬ በብዙ አገር ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የሚደከምበት ነገር ነው። የሚደከምበትም ለጨዋታ አይደለም። ከዚህ በስተ ምዕራብ፥ በሽሮ ሜዳ፥ ሸማኔዎች የሚጥሉትን ጥለት ታውቃላችሁ። ከገበያ የተገዛው ክር ቀለሙ መልካም ካልሆነ፥ በመጀመሪያው አጠባ ቀዩ ወደ ነጩ ሸማ ይፈስሳል፤ ፀሐይም ሲመታው ይደበዝዛል። ከማቅለሚያ ፋብሪካዎች የሚወጣውም ውሃ ሳይጣራ ሲለቀቅ የወንዙን ውሃ ያበላሻል። የድርድር ቀለም ግን የሚፈስስ ቅመም የለውም፤ ድርድሩ እስካልፈረሰ ድረስ አይደበዝዝም። በጀርመን አገር ሜሰል በሚባል ስፍራ 47 ሚሊዮን ዓመት በድንጋይ ውስጥ የተቀበሩ ጢንዚዛዎች ዛሬም የሚያንጸባርቅ ቀለም ይዘው ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው ችግር ሁሉም እኩል የሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን ማግኘት ነበር። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ድርድር የለም፤ እኩል ባልሆነ ጡብ ቀጥ ያለ ግድግዳ እንደማይቆም ማለት ነው። በ1968 ጀርመናዊው ስቶበርና ባልደረቦቹ መስታወትና አሸዋ ከሚሠሩበት ከሲሊካ፥ በፈሳሽ ውስጥ፥ መጠናቸው እኩል የሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች የሚገኙበትን ዘዴ አስታወቁ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከአንድ ሺህ ናኖሜትር በታች የሆኑትን፥ ይልቁንም ከመቶ የሚያንሱትን፥ ዛሬ ናኖ ቅንጣት ይሏቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ያስገርማል። የሲሊካን ቅንጣት ብቻ ብትከምሩት የምታገኙት እንደ ወተት ያለ ነጭ ነው፥ ቀለሙ ደክሞ በነጩ ውስጥ ይሰጥማል። ምክንያቱም ብርሃኑ በቅንጣቶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተላተመ፥ ከድርድሩ የሚመለሰው ቀለም ላይ የሌሎቹ ድብልቅ ይጨመርበታል። ወፉ ግን ይህን ችግር ፈትቶታል፤ የራሱን ቅንጣት የሠራው ከጥቁር ነገር ነውና፥ ጥቁሩ የተንከራተተውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ሥርዐት ይዞ የተመለሰው ብቻ ይቀራል። ደማቁን ሐምራዊ ያደመቀው ያ ልጅ ያየው ጥቁር ነበረ!

ይህን ከወፍ የተማሩት በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍል በአክሮን ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሚንግ ሺያው፥ ዓሊ ዲኖጅዋላ፥ የወፍ ላባ መርማሪው ማቲው ሻውኪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2015 ሜላኒንን የመሰለ ጥቁር ነገር በእጃቸው ሠርተው፥ ቅንጣቶቹን በፈሳሽ አድርገው፥ ፈሳሹ ሲተንን ቅንጣቶቹ በስስ ንጣፍ እንዲደረደሩ አደረጉ። ንጣፉ በወፈረና በሳሳ ቍጥር ቀለሙ ተለዋወጠ፤ ሁሉም ግን ከአንዱ ጥቁር ነገር ነበር። በ2017 ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥቁር ቅንጣት የሲሊካ ልብስ አለበሱት። ቀጥሎም ቅንጣቶቹን የያዘውን ውሃ ከውሃ ጋር በማይዋሐድ ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ አናወጡት፤ እናቶቻችን ወተት በቅል ሲንጡ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ውሃው ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተከፋፈለ፤ ፈሳሹ ከየነጠብጣቡ ውሃውን ሲስበው፥ በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ተጠጋግተው ትንንሽ ድቡልቡሎች ሆኑ። የልብሱን ውፍረት በመለዋወጥ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ያሉ ቀለማትን አገኙ፤ እነዚህም ከየትኛውም በኩል ቢታዩ የማይለወጡ ናቸው። ለቀለም ቅብ የሚፈለገው ይህ ነው፤ ማንም ሰው ከበሩ በስተ ቀኝ አረንጓዴ፥ በስተ ግራ ጥቁር የሚሆን ቤት አይፈልግምና።

ሌላም መንገድ አለ። በ2023 በአሜሪካ በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ደባሺስ ቻንዳና ባልደረቦቹ የአሉሚኒየም ደቃቅ ቅንጣቶችን መስተዋት በመሰለ ንጣፍ ላይ አድርገው ቀለም ሠሩ። እነዚህ ብረት ስለ ሆኑ አሠራራቸው ከወፉ ጥቂት ይለያል፤ ነገር ግን ቀለሙ የሚወሰነው በቅንጣቶቹ መጠንና አቀማመጥ እንጂ በማቅለሚያ አይደለም። ሠሪዎቹ እንዳሰሉት፥ አንድ ቦይንግ 747 አይሮፕላን ለመቀባት 450 ኪሎ ያህል የተለመደ ቅብ ሲያስፈልግ፥ ከዚህ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይበቃል። ይህ ስሌት ነው፤ አይሮፕላን ገና አልተቀባበትም። እኔም ነገ ከሾላ ገበያ ገዝታችሁ ቤታችሁን ትቀባላችሁ አልላችሁም። ዋጋው ብዙ ነው፤ ቅንጣቶቹን ከግድግዳ ጋር ሳይፈርሱ ማጣበቅም ገና አድካሚ ነው፤ ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ሲገባም ሁክ በጣዎስ ላባ ያየው ነገር ይደርስባቸዋል።

ይህ የውሃ ነገር ከእንጦጦ አውጥቶ ወደ ወሎ ይወስደኛል፤ በወሎ ምድር ውስጥ ቅንጣቱን ማንም ሳይደረድርለት በራሱ የተደረደረ ድንጋይ አለና። ስሙ ኦፓል ነው። በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ገዢው ፈራው። በ2008 ግን በወሎ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አጠገብ ነጣ ያለ፥ ሲያዘነብሉት እሳትና ቀስተ ደመና የሚያሳይ ኦፓል ተገኘ፤ በጥቂት ዓመታትም በዓለም የዕንቍ ገበያ ሁሉ ታወቀ። የተገኘውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ በተፋው ዐለት መካከል ባለ ስስ ድርብርብ ውስጥ ነው። ሲሊካ በውሃ ሟሟ፥ በዐለቱ ክፍት ቦታ ተጠራቀመ፥ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ ረጋ። ቅንጣቶቹ እኩል ሆነው በሥርዐት በተደረደሩበት ቀለም ይታያል፤ ሥርዐት በሌለበት እንደ ተራ ድንጋይ ነው። የከበረው ኦፓል ቀለም ከድርድር መሆኑን አውስትራሊያዊው ሳንደርስ በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአገሩን ኦፓል አይቶ አስረድቷል፤ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ሰማያዊና ሐምራዊ፥ ተለቅ ያሉት ቀይ ይሰጣሉ። በ1974ም ፈረንሳዊው ፒየር ዢልሶን ሰው ሠራሽ ኦፓል ለገበያ አቀረበ።

የወገል ጤና ኦፓል አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። በውሃ ብትነክሩት ብዙው ጊዜ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ድንጋዩም እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር በውሃ ስለ ተተካ ነው። የሁክ የጣዎስ ላባና የደላንታ ድንጋይ አንድ ሥራ ይሠራሉ። ነገር ግን ይህ ጠባይ ለአታላዮች ተመቸ። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ማቅለሚያም ይጠጣልና፥ ደካማውን ኦፓል በቀለም እየነከሩ ወይም በጢስ እያጠቈሩ የከበረ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። የድርድር ቀለም የሆነውን ድንጋይ የንክር ቀለም አደረጉት።

ከገደል ላይ በእጃቸው ዋሻ እየቈፈሩ ይህን ድንጋይ የሚያወጡት ወጣቶች ናቸው፤ ዋሻው ተደርምሶ የሞቱም አሉ። ድንጋዩም ብዙውን ጊዜ ሳይቀረጽ ወጥቶ በሌላ አገር ተቀርጾ ተሸጧል። ይህ የንግድ ነገር ነውና ከእኔ የሚበልጡ ይናገሩበት። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በመንደር ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ሳሉ የዶሮ ላባ በፀሐይ ላይ ያዘነበለላቸው መምህር ቢኖር ኖሮ፥ በእጃቸው የያዙት ድንጋይ ለምን እንደሚያበራ፥ ለምን በውሃ እንደሚጠፋ፥ የተነከረውም በምን እንደሚለይ በጠየቁ ነበር። ምናልባትም ከመካከላቸው አንዱ የዢልሶንን ሥራ በወገል ጤና ይሠራ ነበር። ይህ ምኞት ነው፥ ምኞት መሆኑንም አውቃለሁ።

በእንጦጦ ራስ ላይ ከ2015 ጀምሮ የከዋክብትን ብርሃን የሚመረምሩበት፥ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ሰምታችኋል። ያ መሣሪያ በመንደር ትምህርት ቤት አይገኝም። የምነግራችሁ መሣሪያ ግን ይገኛል፤ በኮተቤ የተማራችሁ መምህራን ምናልባት ሠርታችሁት ይሆናል። ለቅርንጫፍ ትምህርት ቤቶቻችሁ ይጠቅማልና በዝርዝር ልናገረው።

አንድ ሰፊ ሳሕን ውሃ ሙሉ። ጥቁር ወረቀት ቈርጣችሁ በውሃው ውስጥ ከሥር አስቀምጡ፥ አንዱን ጫፍ በክር ወይም በጣት ያዙ። ከዚያ ሴቶች ለጥፍራቸው ከሚቀቡት፥ ቀለም የሌለውን ጥሩ ቅብ፥ አንድ ጠብታ ብቻ በውሃው ፊት ላይ ጣሉ። ጠብታው ወዲያው ይንጣለላል። ወረቀቱን በቀስታ ከሥር ስታነሡት ያ ስስ ሽፋን አብሮ ተጣብቆ ይወጣል። አድርቁት። ቀለም ከሌለው ቅብና ከጥቁር ወረቀት ሰማያዊ፥ ቢጫ፥ ሮዝ፥ አረንጓዴ ይወጣል፤ አይለቅም፥ በደብተር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ቀጥሎ ይኸንኑ በነጭ ወረቀት ሥሩት። ሽፋኑ ያው ነው፤ ቀለሙ ግን ሊታይ አይችልም ያህል ይደክማል። ልጆቹ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ እናንተም ቶሎ አትንገሯቸው። የአክሮን ሰዎች ለቅንጣታቸው ጥቁር ልብ ያስገቡበት ምክንያት ይኸው ነው።

የወፍ ላባ ስትፈልጉ ከዛፍ ሥር የወደቀውን ልቀሙ፤ ልጆች ለላባ ብለው በወንጭፍ ወፍ እንዳይገድሉ በመጀመሪያ አስጠንቅቋቸው። የአውራ ዶሮ ጅራት ለሁሉ ይበቃል። ሁለት ልጆችንም በላባው ግራና ቀኝ አቁማችሁ ያዩትን በየደብተራቸው ሳይነጋገሩ ያስፍሩ። ደብተራቸውን ስትሰበስቡ መልሱ የተለያየ ከሆነ፥ ማን እንደ ተሳሳተ ሳይሆን ማን የት ቆሞ እንደ ነበረ ጠይቁ።

የበደልሁትን ልጅ ካደገ በኋላ በየካ አንድ ሰርግ ላይ አገኘሁት። ስለዚያች ወፍ ነገርሁት። ነገሩን አስታውሶት ነበር፤ ሳቀ፥ ነገር ግን ወዲያው አልሳቀም። ከዚያም «ጋሼ፥ ታዲያ እኔ የቆምሁበት ከጥላው በኩል ነበራ?» አለኝ። አዎን አልሁት።

ላባዎቹና ሳሕኑ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ፀሐዩ ከተራራው በስተ ጀርባ ሳይገባ ወደ ውጭ እንውጣና፥ ሽማግሌዎች ከምሥራቅ በኩል፥ መምህራን ከምዕራብ በኩል ቁሙልኝ።